የሚያስታርቀው አገር የራሱ ጥቅም ቢኖረውስ? (ከጅዳ የተላከ ጥያቄ)

ከጅዳ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

ጅዳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ነው የምሰራው። ከእኔ ጋር ፈረቃ የምትገባ ሱዳናዊት ነርስ አለች፣ የኦምዱርማን ልጅ። የሱዳን ጦርነት የተጀመረበትን ቀን አልረሳውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳም ስዑር ነበር። እኔ አክፍዬ ጉልበቴ ከድቶኛል። እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። ማንም አያነሳም።

ወር ገደማ ቆይቶ ሁለቱ ተዋጊዎች፣ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል፣ እዚሁ እኛ ከተማ መጡ። ሳዑዲና አሜሪካ ናቸው ያመጧቸው። ግንቦት 3 ሰላማዊ ሰዎችን እንጠብቃለን የሚል ሰነድ ፈረሙ። ከሆስፒታል፣ ከውሃና ከመብራት ተቋማት እንወጣለን ይላል። ነርሷ በማግስቱ ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭ ጋግራ መጣች። ለዘበኛው ሳይቀር አደለች። ሳምንት ሳይሞላ የአክስቷ ሰፈር በከባድ መሣሪያ ተመታ። ከዚያ የ7 ቀን ተኩስ አቁም መጣ። ከዚያ ሌላ። ወር ሳይሞላው የሱዳን ጦር ከንግግሩ ራሱን አገለለ። ባስቡሳም ድጋሚ አልመጣም።

አሁን ደግሞ አሜሪካ፣ ሳዑዲ፣ ግብጽና ኤምሬትስ አራት ሆነው ሰላም እናምጣ ይላሉ። ጓደኛዬ ትስቃለች። "ግብጽ ከጦሩ ጋር ናት" ትላለች። ኤምሬትስ ደግሞ ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ ታቀብላለች ተብላ ትከሰሳለች፣ ራሷ ግን ትክዳለች። ጓደኛዬ "ጥቅም ያለው ሰው እንዴት ያስታርቃል?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ "ጥቅም የሌለውስ ምን አገባው ብሎ ይመጣል?" አልኳት። እዚያው ላይ ቆመን ቀረን።

የውጭ አገር የሌላውን የውስጥ ጦርነት አስታርቆ የሰመረለት አለ? ገለልተኛ መሆንስ ግዴታ ነው? እባካችሁ ስድብ አልፈልግም። ያያችሁትን ንገሩኝ።

---

ቆራጡ መለሰ፦

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው። የለም።

የውጭ አስታራቂ የሚመጣው ማን እንዳሸነፈ ካወቀ በኋላ ነው። ሎንዶንን አስታውሺ፣ ግንቦት 1983። አሜሪካዊው ኸርማን ኮኸን ሰብሳቢ ሆኖ የደርግን መንግሥት፣ ኢሕአዴግን፣ ሻዕቢያንና ኦነግን ጠራቸው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጣ ሳምንት እንኳን አልሞላውም። ድርድሩ ገና ሳይሟሟቅ አሜሪካ "ኢሕአዴግ ከተማውን ለማረጋጋት ይግባ" አለች። የመንግሥት ልዑክ መሪ ተስፋዬ ዲንቃ ንግግሩን ጥለው ወጡ። በነጋታው ግንቦት 20 ታንኩ አዲስ አበባ ነበር። የፈረንጅ ሽምግልና ይኸው ነው።

---

በርገን መለሰ፦

ቆራጡ ያለው እውነት አለው፣ ግን ሁሉም ቦታ እንደዚያ አይደለም። እኔ ኖርዌይ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ የስሪላንካ ታሚል ነው። እዚህ ታሚሎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በቡና ሰዓት በደንብ ሰምቼዋለሁ።

ኖርዌይ በስሪላንካ ጉዳይ ነዳጅ የላት፣ ጦር ሰፈር የላት፣ ድንበር የላት። ኤሪክ ሶልሃይም የሚባል ሰው እየተመላለሰ መንግሥቱንና የታሚል ነብሮች የሚባሉትን አማፂዎች አግባባ። በየካቲት 2002 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ተኩስ አቁም ተፈረመ። የኖርዲክ አገሮች ታዛቢ ላኩ። ታይላንድ ላይ፣ ኦስሎ ላይ፣ ጃፓን ላይ ተነጋገሩ። በዓመቱ ነብሮቹ ንግግሩን አቋረጡ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2006 የአውሮፓ ኅብረት ነብሮቹን በአሸባሪነት ፈረጀ። ነብሮቹም "እንግዲያው የኅብረቱ አባል የሆነ አገር ሰው አይታዘበን" አሉ። ስዊድን፣ ዴንማርክና ፊንላንድ ለቀው ወጡ። አባል ያልሆኑት ኖርዌይና አይስላንድ ብቻ ቀሩ። ደሴት የሚያህል ጦርነት በሁለት አገር ጥቂት ሰው ይታዘባል! በጥር 2008 መንግሥቱ ስምምነቱን ቀደደው። በግንቦት 2009 ነብሮቹ ባሕር ዳር ላይ ተደመሰሱ፣ ከእነሱ ጋር ብዙ ሺህ ሰላማዊ ሰው አለቀ።

ጎረቤቴ ኖርዌይን አይጠላም። "ጨዋ እንግዳ ነበሩ" ነው የሚለው። ነገሩን ሳስበው፣ እንግዳ ማለቱ ነው እኔን የሚይዘኝ።

---

የባሮ ልጅ መለሰ፦

እህቴ ከጅዳ፣ እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። ግን ተደራዳሪ በአባዱላ ያመላለስኩ ሹፌር ነኝ። ስለዚህ ላስረዝመው፣ ታገሺኝ።

የተወለድኩት ጋምቤላ ነው። አባቴ ከጎጃም ወርዶ እዚያ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ኑዌርኛ የለመድኩት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነው። ሰላምታቸው "ማሌ" ነው። ሰላም ማለት ነው፣ ልክ እንደኛ። ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም፣ እንጀራዬ ከዚህ ቃል ስለመጣ ነው።

ታኅሣሥ 2006 የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ውስጥ የፕሬዝዳንቱ የሳልቫ ኪርና ምክትሉ የነበረው የሪክ ማቻር ሰዎች ተታኮሱ። ነፃነታቸውን ካወጁ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ተደራዳሪዎቹ አዲስ አበባ ነበሩ። እኔ ያኔ የኪራይ መኪና እነዳለሁ። አንድ ደላላ ደወለልኝ። "ኑዌርኛ ትሰማለህ አሉ፣ እውነት ነው?" "ትንሽ ትንሽ" አልኩት። ሞኝ ነኝ። አቀላጥፋለሁ ብለው ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነበር።

አስታራቂው ኢጋድ፣ የአካባቢያችን አገሮች ድርጅት ነው። ዋናው አደራዳሪ የእኛው አምባሳደር ስዩም መስፍን። ከጎናቸው አንድ ኬንያዊ ጄኔራልና አንድ ሱዳናዊ ጄኔራል። ንግግሩ ሸራተን ውስጥ ይካሄዳል። ጥር ላይ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ አዲስ አበባ ሲመጡ አዳራሹ ለእሳቸው ተፈለገ። ታዲያ የደቡብ ሱዳን ሰላም የት ሄደ? እዚያው ሆቴል ያለው ናይት ክለብ ውስጥ። ጋዝ ላይት። ቀልድ አይደለም፣ ያኔ በዜና ወጥቷል። እኛ ሹፌሮች መኪና ማቆሚያው ላይ በሳቅ ፈረስን። አንዱ "ዛሬ ካልተስማሙ ዲጄው ያስታርቃቸዋል" አለ። ከዚያ የእኔው ሰውዬ መጣና ገባ። ፊቱን ሳይ ሳቄ ጠፋ።

የእኔው ሰውዬ የምለው ከሪክ ወገን የነበረ ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም። እናቱ ድንበር ተሻግራ ጋምቤላ ሌይችኮር የስደተኞች ካምፕ ገብታለች። ክረምቱ ሲገባ ካምፑን ጎርፍ ዋጠው። ጠዋት ከሆቴል ሲወጣ ቀድሞ የሚጠይቀኝ "ዛሬ ዘነበ?" ብሎ ነው። አዲስ አበባን አይደለም የሚጠይቀው። እኔ ጋምቤላ ያሉ የሰፈሬ ልጆች ጋር ደውዬ ውሃው የት እንደደረሰ እነግረዋለሁ። እሱ ከዚያ ሄዶ ስለ ሚኒስትሮች ወንበር ብዛት ይከራከራል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ "እናቴ የትኛው ሚኒስቴር ነው የሚደርሳት?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ መሪዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ገለልተኛ ነበሩ ወይ? ኧረ የት! ኢጋድ ውስጥ ዩጋንዳ አለች። እኛ ሸራተን በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ የዩጋንዳ ወታደሮች እዚያ ሜዳ ላይ ከሳልቫ ኪር ጎን ይዋጉ ነበር። በአንድ እጅ የሽማግሌ ጭራ፣ በሌላው ጠመንጃ። ኢትዮጵያም ብትሆን ጋምቤላ ላይ ስደተኛው ከነዋሪው ሊበልጥ እየተቃረበ ነበር፣ ጭንቅ ነበረባት። ከዩጋንዳው መሪ ከሙሴቬኒ ጭንቅ ጋር ግን አንድ አይደለም።

ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ እኔም ጥቅም ነበረኝ። ድርድሩ ሲረዝም ሥራ አለ። ሲቋረጥ ደላላው አይደውልም። የራሴን መኪና ቅድሚያ ክፍያ የከፈልኩት በዚያ ድርድር ነው። አንዳንድ ማታ "ነገ እንዳይፈርሙ" ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ ሌይችኮር ትዝ ይለኝና አፍራለሁ። ከሾፌር እስከ ሆቴል ባለቤት፣ ከአስተርጓሚ እስከ አበል ከፋዩ ድረስ የድርድር ገበያ የሚባል ነገር አለ፣ ማንም አይናገረውም እንጂ።

አባቴ እንዲህ ያለ ዜና በሬዲዮ በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። "ዋሱ ማነው?" በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር ካበረደ በኋላ ዋስ ይጠራል። ያ ሰውዬ ውል ቢያፈርስ ዋሱ ይከፍላል። ሽማግሌው ቡራኬ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ዋሱ ግን እንቅልፍ የለውም። ኑዌሮችም የራሳቸው አላቸው። የነብር ቆዳ የሚደርብ አስታራቂ አለ። ሰው የገደለ ሰው ሮጦ እሱ ግቢ ይገባል። የሟች ወገን እዚያ ገብቶ አይነካውም። ካሳው ከብት እስኪከፈል ድረስ ገዳዩ እዚያው ነው። አስቢው፣ ያ አስታራቂ ወታደር የለውም። ግን ገዳዩን በገዛ ግቢው አስገብቶ አድሯል። ውሉ ከፈረሰ ደሙ በእሱ ደጃፍ ነው።

እና ለጓደኛሽ እንዲህ በያት። ጥቅም አለው ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ ሲፈርስ ያመዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ነሐሴ 11 ቀን 2007 አዲስ አበባ ላይ ሪክ ፈረመ። ሳልቫ ኪር አልፈርምም አለ፣ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ወደ ጁባ ተመለሰ። ነሐሴ 20 እዚያው ቤቱ ሆኖ ፈረመ፣ ግን አልስማማባቸውም ያላቸውን ነጥቦች ዘርዝሮ ከፊርማው ጋር አያይዞ። የእኔው ሰውዬ ያን ቀን ደስ ብሎት ለሁላችንም ጥብስ ጋበዘ። ሐምሌ 2008 ጁባ እንደገና ነደደች። ሪክ በእግሩ ወደ ኮንጎ ሸሸ። የሰውዬውን ስልክ ደወልኩ። አይሰራም። እስከ ዛሬ አይሰራም።

ቀጥሎ 2010 መጣ። ሰኔ ላይ ሁለቱ አዲስ አበባ ተገናኝተው ተቃቀፉ። እኔ ጋራዥ ነበርኩ፣ ቴሌቪዥን ላይ አየን። መካኒኮቹ አጨበጨቡ። ግን ነገሩን የቋጨው ካርቱም ነው። ለምን? የደቡብ ሱዳን ነዳጅ የሚወጣው በሱዳን ቧንቧ አልፎ ፖርት ሱዳን ላይ ነው። ነዳጁ ካልፈሰሰ የሱዳኑ መሪ አልበሽር ብር የለውም። ስለዚህ ሲፈርስ ያመዋል። የዩጋንዳው ሙሴቬኒም አብሮ ገባ። መጨረሻ ላይ እንቁጣጣሽ በዋለ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 2011 አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። ጠበኛውና ጥቅመኛው ባንድ ላይ ሆነው ከቅኖቹ የተሻለ ሰሩ። ይቅርታ አድርጊልኝ ግን ያየሁት ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? በሰባት ወሩ አልበሽር ወደቀ። በ2015 ሱዳን ራሷ ነደደች፣ ያንቺ ጓደኛ ስልኳን ጆሮዋ ላይ የለጠፈችበት ቀን። ዋሱ ራሱ ዋስ ፈላጊ ሆነ። መጋቢት 2017 ሪክ ማቻር ጁባ ቤቱ ውስጥ ታሰረ፣ ኋላም ክስ ተመሰረተበት።

አባቴ ከዚህ ቀደም እንደዚሁ ያለ ነገር አይቷል። በ1964 ጃንሆይ የሱዳንን ሰሜንና ደቡብ አስታርቀው ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ። ጋምቤላ የነበሩት ስደተኞች እቃቸውን ጭነው ሲመለሱ አባቴ በዱቤ የሸጠው ሳሙና አብሮ ሄዷል፣ ያንን ሳይረሳ ሞተ። ስምምነቱ 11 ዓመት ቆየ። ለዚያ አካባቢ 11 ዓመት ብዙ ነው። ግን ዋሱ ጃንሆይ ነበሩ፣ ጃንሆይ በ1967 መግቢያ ላይ ወረዱ። በ1975 የሱዳኑ መሪ ኒሜሪ ስምምነቱን ሲያፈርስ የሚቆጣው ማን ነበር? አስታራቂዋ አገር በአዲስ ጌታ ሥር ለደቡቡ አማፂ ካምፕ ትሰጥ ጀመር። ኢታንግ አካባቢ ቢልፋም የሚባል የጦር ሰፈር ነበራቸው። እኔ ልጅ ሆኜ መኪናቸው ሲያልፍ አቧራው ሱቃችን ድረስ ይገባ ነበር።

---

የታሪክ ተማሪ መለሰ፦

ጋሼ፣ ሳነብ ደስ ብሎኛል። ትንሽ ልጨምርና ትንሽ ላርምዎት፣ እንዳይቀየሙኝ።

የ1964ቱን ያስታረቁት ጃንሆይ ብቻቸውን አይደሉም። ነገሩን ወራት ፈጅተው ያመቻቹት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው። ንግግሩን የመሩትም ላይቤሪያዊው ቄስ በርጌስ ካር ነበሩ። ከካርቱም ወገን አቤል አሊየር መጡ። ልብ ይበሉ፣ እሳቸው ራሳቸው የደቡብ ሰው ናቸው፣ የኒሜሪ መንግሥት ሹም። ከአማፂው ወገን ኢዝቦኒ ሞንዲሪ። የአማፂው መሪ ጆሴፍ ላጉ ናቸው።

ጃንሆይ የገቡት ነገሩ ሠራዊት ላይ ሲቆም ነው። ደቡቦቹ ያለራሳችን ጦር አንገባም አሉ። ሰሜኑ አንድ አገር ሁለት ጦር አይኖረውም አለ። በመጨረሻ ደቡብ ላይ የሚሰፍረው 12,000 ወታደር ሆኖ ግማሹ፣ 6,000ው፣ የደቡብ ልጅ እንዲሆን ተስማሙ። ሲሶ አይደለም፣ አብላጫም አይደለም፣ እኩል። የእኛ ሽማግሌ ላም ሲያካፍል የሚያደርገው ነው።

ጥቅማቸውም ግልጽ ነበር። ሱዳን የኤርትራን ተዋጊዎች ታስጠጋ ነበር፣ ኢትዮጵያና እስራኤል ደግሞ ለደቡቡ አማፂ ይረዱ ነበር። በሌላ አነጋገር አስታራቂው ራሱ እሳት ጫሪ ነበር። እጁን ሲሰበስብ እሳቱ ቀዘቀዘ። ስለ ጓደኛሽ ጥያቄ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፣ እህቴ። ኤምሬትስና ግብጽ ገለልተኛ አለመሆናቸው አይደለም ችግሩ። እጃቸውን ለመሰብሰብ ማን ምን ይከፍላቸዋል ነው።

---

ቆራጡ መለሰ፦

ዋስ ዋስ ትላላችሁ። ዋስ ማለት ሞግዚት ማለት ነው። ውጭ ያለ አገር ውሌን ካላከበርክ አመጣብሃለሁ ካለኝ ሉዓላዊነቴ የት ሄደ? የእኛንም ጉዳይ እዩት፣ ፕሪቶሪያ።

---

የባሮ ልጅ መለሰ፦

ወንድሜ ቆራጡ፣ ፕሪቶሪያን እዚህ ከጀመርን የጅዳዋ እህታችን ጥያቄ ይጠፋል። ሌላ ፖስት ክፈትና እመጣለሁ። ሎንዶን ያልከው ላይ ግን እስማማለሁ። ያ ሽምግልና አይደለም፣ ቁልፍ ርክክብ ነው።

ሉዓላዊነት ያልከውን አልንቀውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዩጋንዳ ጦር ገብቶ ሲዋጋልህ ሉዓላዊነትህ አልተነካም፣ ውል አክብር ሲልህ ነው የሚነካው? ጁባ ያሉት ይህን ነበር።

የታሪክ ተማሪ፣ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ስለ ቄሱ አላውቅም ነበር። አባቴ "ጃንሆይ" ብቻ ነው የሚለው። ሬዲዮው እንደዚያ ስለሚል መሰለኝ።

---

በርገን መለሰ፦

የባሮ ልጅ፣ ስለ ዋስ ያሉት ስለ ሞዛምቢክ አስታወሰኝ። እዚያ ያስታረቁት ሮም ያለች ሳንት ኤጂዲዮ የምትባል የካቶሊክ ማኅበር ናት። ጦር የላትም። ሁለት ዓመት ገደማ አነጋግረው በጥቅምት 1992 (በፈረንጅ) ሮም ላይ አስፈረሙ። ግን ከጀርባ የጣሊያን መንግሥት ነበር። ሬናሞ የተባለው አማፂ ወደ ፓርቲነት እንዲለወጥ ገንዘብ ተቀመጠ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰባት ሺህ አካባቢ ሰው ላከ። ቅኑ ሽማግሌ አንድ ሰው ነው፣ ዋሱ ሌላ። ስሪላንካ ላይ ኖርዌይ ሁለቱንም ለብቻዋ ልትሆን ሞከረች።

---

ከጅዳ መለሰች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የባሮ ልጅ፣ ያንተን ለእሷ በአረብኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት፣ አረብኛዬ የወጥ ቤት አረብኛ ነው ግን ገባት። ናይት ክለቡ ጋ ስደርስ ሳቀች። "ዛሬ ዘነበ?" የሚለው ጋ ስደርስ ግን ተነሳችና መድኃኒት መደርደር ጀመረች። እኔም ዝም አልኩ።

ሲፈርስ የሚያመው ማነው የሚለውን ነገርኳት። አሰበች። "ሳዑዲ ትንሽ ያማታል፣ ባሕሩ እዚህ ነው" አለች። ወደብ ላይ ከፖርት ሱዳን በመርከብ የመጡትን ሰዎች ሄዳ አይታለች፣ በዚያን ሰሞን። "ሌላው ግን ከሩቅ ነው የሚያየው" አለች። ስለ ኤምሬትስ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

ሌላ ነገርም ነገረችኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝ። ታናሽ ወንድሟ በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገብቷል። መጀመሪያ ኩመር ካምፕ ነበር፣ ካምፑ ሲዘጋ አፍጢጥ ወደሚባለው አዲሱ ወሰዷቸው። ከወር በፊት ስልኩ ጠፋ። ጋሼ፣ እንደ ጋምቤላው ያለ ሰው በዚያ መስመር ታውቃለህ?

---

የባሮ ልጅ መለሰ፦

ጎንደር–መተማ መስመር የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፣ የድሮ የሸራተን በር ጓደኛዬ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ስለዚህ ነገ እንዲሆን አትጠብቂ።

የልጁን ሙሉ ስም፣ የአባቱን ስምና መቼ እንደተሻገረ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እዚህ ገጽ ላይ እንዳትጽፊው። ፎቶ ካላት ፎቶም ላኪ። በካምፕ ሰው የሚገኘው በስም አይደለም፣ ፎቶ ይዞ በመጠየቅ ነው።